ከመቀነት እስከ ቴሌብር፦ የአንድ ቤት ገንዘብ የት የት ያድራል?

ወር በገባ በ5 ሳሪስ አቦ ይጨናነቃል። ከቃሊቲ፣ ከአቃቂና ከዚያም ወዲያ ካሉ የእርሻ መንደሮች የመጡ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው አስቀድሰው ሲወጡ ጧፍ ሻጮች በመንገዱ ዳር ተደርድረው ይጠብቋቸዋል። አንዲት እናት መቀነታቸውን ፈታ አድርገው ጫፉ ላይ ከቋጠሩት ብር አንዲቷን ያወጣሉ። ከኋላቸው የቆመው ልጃቸው ግን ስልኩን አውጥቶ፣ «እማማ፣ በቴሌብር ይሆናል?» ሲል ይጠይቃል። ሻጯም፣ «ይሆናል ልጄ፣ ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል» ይሉታል።

እናትና ልጅ የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ገንዘባቸው ግን አንድ ቦታ አያድርም። ጥቂቱ መቀነት ላይ ተቋጥሯል፣ ጥቂቱ በረት ውስጥ ቆሟል፣ ጥቂቱ በእቁብ ደብተር ላይ ሰፍሯል፣ ጥቂቱ ባንክ ገብቷል። ሳሪስ አቦ ከተማው ወደ አቃቂ ጥቁር አፈር የሚወጣበት፣ ገጠሩም ጤፉንና ሽምብራውን ይዞ የሚገባበት መንገድ ላይ ስላለ እነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ይታዩበታል። ባንክ ሲስፋፋ እቁብና እድር ይከስማሉ ብሎ ያሰበ ብዙ ነበር። አልከሰሙም፤ ቤተሰቡ እያንዳንዱን ለየራሱ ሥራ ቀጥሮታል። አንድ በአንድ እንተዋወቃቸው።

በረቱና ጎተራው

የገበሬ ገቢ በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይመጣል። ወጪው የየቀን ነው። ጤፉ ታጭዶ ሲወቃ ግብሩ፣ የማዳበሪያው ዕዳና የሠርጉ ድግስ አብረው ይደርሳሉ። ሁሉም በአንድ ሰሞን ለሽያጭ ስለሚወጣ የእህል ዋጋ ያኔ ይወርዳል። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲጎድል ደግሞ ያው ገበሬ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ይህን ክፍተት ከጥንት ጀምሮ የሚሞላለት በግ፣ ፍየል ወይም ጊደር ነው። መስከረም ሲጠባ የልጆች ደብተርና ጫማ የሚገዛው አንድ በግ ገበያ ወርዶ ነው።

በግ እንደ ቁጠባ ብልሃት አለው። «ወለድ» የሚለው ቃል የመጣው ከመውለድ ነው፤ በጓ ደግሞ ቃሉን ቃል በቃል ትፈጽመዋለች። ሌላም ጥቅም አላት። ቤት ውስጥ ያለ ብር ጌታው ብዙ ነው፦ ዘመድ ይቸገራል፣ ጎረቤት ይበደራል፣ ባለቤቱም ራሱ መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ይፈተናል። ከመቶ ብር ላይ አስር ቆንጥሮ መስጠት ይቻላል፤ ከበግ ላይ ግን እግር ቆርሶ ማበደር አይቻልም። ጉድለቷ የሚታየው ድርቅ ሲመጣ ነው። ያኔ ሁሉም መኖ አጥቶ ከብቱን ባንድ ቀን ገበያ ስለሚያወጣ የዓመታት ቁጠባ በግማሽ ዋጋ ይሄዳል።

ጥሬ ብር ፍራሽ ሥር ማስቀመጥም የራሱ ጣጣ አለው። መንግሥት መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ሲቀይርና የ200 ብር ኖት ሲጨምር፣ አሮጌውን ለማስለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ያን ሰሞን ባንክ ረግጦ የማያውቅ ብዙ ሰው ተሰልፏል። መቀነቱም፣ ሰንዱቁም፣ የማድጋው ሥርም በአንድ ክረምት ማግስት ተፈተሸ።

እድር፦ ለክፉ ቀን

እድር ቁጠባ ይመስላል፤ ሥራው ግን የመድን ነው። አባሉ በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ ሞት ወደ ቤቱ ካልመጣ «ገንዘቤን መልሱልኝ» አይልም። ሞት ከመጣ ለፋፊው ጥሩንባውን ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ፣ ድስቱና ሰሃኑ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፣ ለሐዘንተኛው ቤትም በደንቡ የተወሰነው ብር ይደርሰዋል። ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ይህ ቅጣት ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን እድሩ የሚሸጠው ዋና ነገር ሰው ነው። ብር ብቻ ቢሆን ማንም ኩባንያ ሊሰጠው ይችል ነበር።

የእድር አቅም ወሰን አለው። የሚችለው በየተራ የሚመጣን የአንድ ቤት ሐዘን ነው። ድርቅ ወይም ወረርሽኝ መንደሩን ሁሉ ባንዴ ሲመታ አዋጪውም ተቀባዩም ተጎጂ ስለሚሆን ካዝናው አይበቃም።

እቁብ፦ ዙሩና ዋሱ

አንድ የሰፈር እቁብ በቅርብ እንመልከት። ሃያ ነጋዴዎች ናቸው፦ አትክልት ሻጭ፣ ባለ ሱቅ፣ ልብስ ሰፊ፣ የታክሲ ረዳት። በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ይሰበሰባሉ። ዳኛው ይመራል፣ ጸሐፊው ደብተሩን ይዘረጋል፣ እያንዳንዱ 500 ብር ይጥላል። የደረሳቸው ስማቸው ተሰርዟል። የቀሩት ስሞች በቁራጭ ወረቀት ተጽፈው፣ ተጠቅልለው ጣሳ ውስጥ ይገቡና አንድ ሕፃን ተጠርቶ እንዲያወጣ ይደረጋል። ስሟ የወጣላት እናት 10,000 ብር ደረሳት። ሆኖም ብሩን ከመቁጠሯ በፊት ዳኛው የሚጠይቃት አለ፦ «ዋስሽ ማነው?»

የእቁብ ምስጢር ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው 500 ብር ከፍሎ 10,000 ይወስዳል፤ ያለ ወለድ 9,500 ብር ተበደረ ማለት ነው። በሃያኛው ሳምንት የሚደርሰው ደግሞ ለአሥራ ዘጠኙ ሁሉ ያለ ወለድ ሲያበድር ከርሟል። ስለዚህ እቁብ በአንድ ጊዜ የቁጠባም የብድርም ቤት ነው፤ ማን አበዳሪ፣ ማን ተበዳሪ እንደሚሆን የሚወስነው ዕጣ ነው። ብር ያጣደፈው ሰው ከባለ ዕጣው ላይ ተራውን በዋጋ ሊገዛ ይችላል፤ ያኔ ወለድ በጓሮ በር ይገባል። ከሁሉ የሚያስፈራው «በልቶ መጥፋት» ነው። ለዚያም ነው ዋሱ የሚጠየቀው፤ የጠፋውን ሰው ዕዳ የሚከፍለው እሱ ነው።

እቁብተኛው ብዙ ጊዜ ስለ ወለድ አይጨነቅም። የሚፈልገው ቀን የሚቆጥር ሌላ ሰው ነው። ለራሱ በራሱ ቃል ቢገባ ያፈርሰዋል፤ በሃያ ጎረቤት ፊት የገባውን ግን እንዳያፍር ሲል ይፈጽመዋል። ጋናዎች ሱሱ፣ ደቡብ አፍሪካውያን ስቶክቬል፣ ኬንያውያን ቻማ እያሉ ተመሳሳይ ማኅበር አላቸው። ዋሽንግተን ያሉ ኢትዮጵያውያንም ባንክ በየመንገዱ በሞላበት አገር እቁባቸውን ይዘው ሄደዋል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። ዙሩ በረዘመ ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚደርሰውን ሰው የኑሮ ውድነት ይበላዋል። ሃያ ሳምንት ሌላ፣ ሃያ ወር ሌላ ነው።

ሦስት ቁልፍ ያለው ሳጥን

እቁብ ዙሩ ሲያልቅ ካዝናው ባዶ ነው። የቁጠባና የብድር ቡድኖች ይህን ጉድለት ለመሙላት የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኬር የተባለው ድርጅት ኒጀር ውስጥ የጀመረው ዓይነት የመንደር ቡድን በኢትዮጵያ ገጠርም ተስፋፍቷል። ሃያ አካባቢ የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ይቆጥባሉ፣ ከተጠራቀመው ለተቸገረች ወይም ለምትነግድ አባል በጥቂት ወለድ ያበድራሉ፣ ዓመት ሲሞላ ወለዱን ጨምረው ይካፈላሉ። ገንዘቡ የሚቀመጠው ሦስት ጓጉንቸር ባለው የብረት ሳጥን ነው። ሳጥኑ አንዷ ቤት ያድራል፣ ሦስቱ ቁልፎች ደግሞ በሦስት ሌሎች ሴቶች እጅ ናቸው። አራቱም ካልተገናኙ አይከፈትም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዳማ የተጀመሩት ራስ አገዝ ቡድኖችም በዚሁ መንፈስ የሚሠሩ ናቸው፤ የእነርሱ ገንዘብ ግን በዓመት አይበተንም፣ እያደገ ይሄዳል።

ከዚህ ከፍ ሲል ማይክሮ ፋይናንስ ይመጣል። የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ ማስያዣ የሌላቸውን ሴቶች በቡድን እርስ በርስ በማዋዋስ በማበደሩ እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። የእቁብ ዳኛ «ዋስሽ ማነው?» እያለ ለኖረበት አገር ሐሳቡ እንግዳ አልነበረም። በኢትዮጵያ የማይክሮ ፋይናንስ አዋጅ የወጣው በ1988 ዓ.ም. ነው። በአማራ ክልል አብቁተ የሚባለው የብድርና ቁጠባ ተቋም በቡድን ዋስትና እያበደረ የገበሬውን ደጅ አንኳኳ፤ ኋላም ፀደይ ባንክ ሆነ። የኦሮሚያው ተቋምም ሲንቄ ባንክ ተብሏል። ሲንቄ ኦሮሞ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት የክብር በትር ናት፤ ስሟ ለባንክ መሰጠቱ ያለ ምክንያት አይመስልም።

ባንኩና ስልኩ

አቢሲኒያ ባንክ አዲስ አበባ ውስጥ በሩን የከፈተው በ1898 ዓ.ም. ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችን ወረሰ፤ የግል ባንክ እንደገና የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ሲሆን አዋሽ ባንክ ቀዳሚው ሆነ። እንዲህም ሆኖ ባንክ ለብዙው ቤተሰብ የሩቅ ቤት ነበር። የዓለም ባንክ ጥናት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2014 ሂሳብ የነበረው ከመቶ አዋቂ 22ቱ ነው፤ በ2017 ወደ 35፣ በ2022 ወደ 46 አድጓል።

ወደ ባንክ መስኮት ያመጡን ሦስት ነገሮች ናቸው። በ2005 ዓ.ም. ለ10/90፣ ለ20/80 እና ለ40/60 ኮንዶሚኒየም የተመዘገበው የአዲስ አበባ ሰው ንግድ ባንክ ሄዶ በየወሩ ለመቆጠብ ተገደደ። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎቹን በሂሳባቸው እየከፈለ ከክፍያቸው 20 በመቶውን እንዲቆጥቡ አደረገ። ከዚያም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣ። በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ»፣ «እንደኪሴ» እና «ሳንዱቅ» የተሰኙ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን ሲጨምር፣ ጧፍ ሻጯ ቅርንጫፍ ሳይረግጡ ብድር የሚጠይቁበት ቀን ደረሰ።

ባንክ ለገበሬው የጎደለው ማስያዣ ነበር፦ ባንኩ የሚያውቀው ሕንፃ፣ ገበሬው ያለው በሬ። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትንና በመሬት የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዣ ማድረግ ፈቀደ። በረቱ በሕግ ወደ ባንክ ገባ ማለት ነው። ሕጉ በየቅርንጫፉ እስኪለመድ ድረስ ግን ብዙ ሰው በችግር ቀን የሚሮጠው ወደ አራጣ አበዳሪ ነው። በየወሩ መቶ ብር ላይ አስር ብር የሚያስከፍል አራጣ በዓመት ውስጥ ከተበደሩት በላይ ይሆናል።

የባንክ ቁጠባም ከኪሳራ ነፃ አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በዚያ ዓመት ባንክ ያደረ ብር ቁጥሩ ቢጨምርም የሚገዛው ጤፍ አንሷል።

ታዲያ የቱ የት ይደር?

ቤተሰቡ ከትውልድ ትውልድ የተማረው ድልድል ትክክል ነው፤ ስህተት የሚመጣው የአንዱን ሥራ ለሌላው ሲሰጡት ነው። ለቀብር እድር፤ በአጭር ጊዜ ዳጎስ ያለ ብር ለሚፈልግ ሥራ እቁብ፣ ዙሩም አጭር ይሁን። ለትንሽ ብድር ቁልፉን የምታውቁት ቡድን፤ ለቤትና ለጡረታ፣ ከምንም በላይ ደግሞ ጠፍቶ ለማይተካ ብር ባንክ። የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ወይም ማይክሮ ፋይናንስ ቢከስር ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። የእቁብ ዳኛ ቢጠፋ ግን እንዲህ ያለ ፈንድ የለም፤ ያለው ዋሱ ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ልበል። ባል እቁቡን ከሚስቱ፣ ሚስት የሳጥን ቁጠባዋን ከባሏ፣ ልጅ የስልኩን ሂሳብ ከሁለቱም የሚደብቅበት ቤት ብዙ ነው። ሰው ድንገት ሲሞት እድሩ ጥሩንባ ነፍቶ ቀባሪውን ያመጣል፤ ሟቹ የትኛው እቁብ ውስጥ እንደነበረ፣ ለማን ዋስ እንደሆነና የትኛው ባንክ ሂሳብ እንዳለው ግን ጥሩንባው አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አውጡና የቤታችሁ ብር የት የት እንደሚያድር ጻፉ። ወረቀቱ ያለበትንም ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ይወቅ።