እብጠቱ ከጎደለ በኋላ የሚቀረው ወለምታ

እ.ኤ.አ. በ2011/12 የውድድር ዘመን የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ቡድን ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ ካደረጋቸው 66 ጨዋታዎች ተጫዋቹ ስቴፈን ከሪ የተሰለፈው በ26ቱ ብቻ ነበር። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ደጋግሞ ወለም እያለው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የቡድኑ የአካል ብቃት ባለሙያዎች ቆየት ብለው ያሠሩት ልምምድ ግን ከቁርጭምጭሚቱ ይልቅ ዳሌውንና መቀመጫውን የሚያጠነክር ነበር። በ2015 እና በ2016 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ተመረጠ።

ለታመመ ቁርጭምጭሚት ዳሌ ምን ያደርግለታል?

ወለምታ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ውስጥ እግር ወደ ሌላኛው እግር ዞሮ ሲታጠፍ ነው። በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ከልክ በላይ ይወጠራሉ፤ ሲብስም ይበጠሳሉ። እነዚህ ጅማቶች አጥንትን ከአጥንት ከማሰር ሌላ ሥራ አላቸው። በውስጣቸው ያሉት የነርቭ ጫፎች መገጣጠሚያው ምን ያህል እንደታጠፈ ለአከርካሪና ለአንጎል ያለማቋረጥ ያሳውቃሉ። እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ማይክል ፍሪማን ከባልደረቦቹ ጋር በ1965 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጅማቱ ሲጎዳ ይህ የመረጃ መስመርም አብሮ እንደሚጎዳ፣ እግሩ ከዳነ በኋላ የሚከዳውም በዚህ የተነሳ እንደሆነ አስረዳ።

እግር ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ የሚከላከሉት በባት ውጫዊ ጎን ወደ ታች የሚወርዱት ጡንቻዎች ናቸው። ተመራማሪዎች እነዚህን የሚፈትኑበት መንገድ አላቸው፦ ሰውየውን በድንገት በሚያዘነብል መድረክ ላይ ያቆሙና ቆዳው ላይ በተለጠፉ ኤሌክትሮዶች ጡንቻው መቼ እንደነቃ ይለካሉ። አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል፣ ጤነኛ ጡንቻ እንኳ መልስ ለመስጠት 60 ያህሉን ክፍል ይወስዳል። ቁርጭምጭሚታቸው ደጋግሞ በሚከዳቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጥናቶች ከዚህ የባሰ መዘግየት አግኝተዋል። እግር ደግሞ በዚያች ቅጽበት ታጥፎ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ጡንቻው እግር መሬት ከመንካቱ በፊት አስቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል፤ ወለምታ የሚያዛባው አንዱ ነገርም ይህ ዝግጅት ነው።

ጉዳቱ ወደ ላይም ይወጣል። የአውስትራሊያዋ ተመራማሪ ጆአን ቡሎክ-ሳክስተን በ1994 ባሳተመችው ጥናት፣ ከባድ ወለምታ የደረሰባቸው ሰዎች በሆዳቸው ተኝተው እግራቸውን ወደ ኋላ ሲያነሱ ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ዘግይቶ እንደሚነቃ አሳየች። የከሪ አሠልጣኞች ከዳሌው መጀመራቸው ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ከዚህም አልፎ ያልተጎዳው እግር ጭምር ሚዛኑ የሚቀንስበት ጊዜ አለ፤ ከእግር የሚመጣው መረጃ ሲደክም ደግሞ አንጎል በዓይን ላይ አብዝቶ ይደገፋል።

“የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” ሲባል የእግሩ ወለምታ መታሸቱ እንደ ተራ ነገር ተቆጥሮ ነው። እሽታ ሕመም ያስታግስ ይሆናል፤ የዘገየን ጡንቻ ግን አያነቃም። የእኛም የሐኪም ቤቱም ትልቁ ስህተት እብጠቱ ሲጎድል ሕክምናው አለቀ ብሎ ማሰብ ነው።

ፍሪማን ያቀረበው መፍትሔ በሚወዛወዝ ሰሌዳ ላይ መቆም ነበር፤ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ብዙ አልተገኘም። በኔዘርላንድስ የቮሊቦል ተጫዋቾች ላይ የተደረገና በ2004 የታተመ ሙከራ፣ የሚዛን ሰሌዳ ልምምድ ቀደም ሲል ወለም ያላቸውን ተጫዋቾች ከዳግመኛ ጉዳት እንደሚጠብቅ አረጋግጧል። ሰሌዳ የሌለው ሰው ሕመሙ ሲቀልለት ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግሩ ቢቆም፣ ሲለምደው ዓይኑን ቢጨፍን፣ ለሳምንታትም ሳያቋርጥ ቢሠራው ይጠቀማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፦ ወለም ያለው ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት በስተኋላው ጠርዝ ሲነካ የሚያመው ከሆነ አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና ወጌሻ ከመንካቱ በፊት ራጅ ይነሳ።