አንድ ሰው የነቀለው ፕሮሶፒስ ለምን ይመለሳል?

አዲስ አበባ ላይ መጻሕፍት አዟሪዎች በሚቆሙበት የእግረኛ መንገድ ሁሉ ራስን ስለመለወጥ የሚሰብክ መጽሐፍ አይጠፋም። የሰብእና ግንባታ ሥልጠናውም፣ የዩቲዩቡ ምክርም የሚዞረው እዚያው ላይ ነው፤ ኅብረተሰቡን ልለውጥ ከማለትህ በፊት ማይንድሴትህን አስተካክል፣ አገር ማለት የሰዎች ድምር ነውና እያንዳንዱ ከተሻሻለ አገር ይሻሻላል። ይህ ነገር መድረክ ላይ ሲነገር ማን ይቃወመዋል? ስለዚህ መሬት ላይ አውርዶ መፈተኑ ይሻላል። ለፈተናው ደግሞ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ካለው የአፋር ሜዳ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሎጊያና ሰመራ የሚገባውን የጅቡቲ መንገድ የተጓዘ ሰው፣ በረሃ ነው ሲባል በሰማው አገር ግራና ቀኙ በብዙ ቦታ ለምልሞ ያገኘዋል። እንግዳ ከሆነ ደስ ይለዋል። ከልምላሜው ብዙው ግን ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። የአካባቢው ሰው አንዱ የደርግ ዛፍ፣ ሌላው የወያኔ ዛፍ ይለዋል። የትውልድ አገሩ ላቲን አሜሪካ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው አፈር እንዲይዝ፣ ነፋስ እንዲከላከልና ጥላ እንዲሆን ተብሎ ነው። ያስገቡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ድርቅ በሚመላለስበት አገር ብዙ ዝናብ ሳይፈልግ የሚያድግ ዛፍ ማን ይጠላል? ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል እንዳሰሉት ግን በ35 ዓመታት ገደማ ውስጥ ወደ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር፣ ማለትም ከክልሉ ስፋት 12 በመቶ ያህሉን ወርሷል።

እንዴት እንደሚወርስ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የክርክሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። ፍሬው እንደ አደንጓሬ ረዘም ብሎ ይንጠለጠላል፣ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፣ ይጣፍጣል። ሣር በጠፋበት ወቅት ፍየሉም፣ ከብቱም፣ ግመሉም ይሻማበታል። ውስጡ ያለችው ዘር ግን ቅርፊቷ ጠንካራ ስለሆነ ከጥርስ ካመለጠች ሆድ አይፈጫትም። እንዲያውም በሆድ ውስጥ ስታልፍ ቅርፊቷ ይለሰልስና ከነሕይወቷ ከበጠጥ ወይም ከእበት ጋር ትወጣለች፤ ማዳበሪያዋን ይዛ ተዘራች ማለት ነው። እንስሳው ያልበላውን ደግሞ የአዋሽ ጎርፍ ይዞት ይወርዳል። ዝናብ ካላገኘችም አፈር ውስጥ ለዓመታት ትጠብቃለች።

አሁን አንድ ትጉህ አርብቶ አደር እናስብ። መንግሥትን አይጠብቅም፣ እርዳታ አይለምንም፣ መጥረቢያና ዶማ ይዞ ከበረቱ ዙሪያ ይጀምራል። ግንዱን ብቻ ቢቆርጥ ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ያቆጠቁጥና አንድ የነበረው ዛፍ ቁጥቋጦ ይሆንበታል። ስለዚህ መሬቱን ቆፍሮ ሥሩን ከታች መበጠስ አለበት። እሾሁ የመኪና ጎማ የሚበሳ ነው፤ የሰው እጅማ ምን ይሆናል! ያም ሆኖ ወራት ፈጅቶ ግቢውን አጸዳ እንበል። በመጪው በጋ የጎረቤቱ ፍየሎች፣ ምናልባትም የራሱ፣ ወንዝ ዳር ፍሬውን ሲበሉ ውለው በዚያው በጸዳው መሬት ላይ ያልፋሉ። ክረምት ሲገባ ችግኙ በየበጠጡ ላይ ይበቅላል።

ይህ ሰው ምን ጎደለው? ትጋት አልጎደለውም፣ ኃላፊነትም አልጎደለውም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንላለን፤ አንዱ አልሸከምም ቢል አርባ ዘጠኙ ትንሽ ይከብዳቸውና ነገሩ ያበቃል። እዚህ ግን አርባ ዘጠኙ አጽድተው አንዱ ቢተው፣ የአንዱ እንስሳት የአርባ ዘጠኙን ልፋት መልሰው ይዘሩበታል። የሰዎች ድምር የሚለው ስሌት የሚፈርሰው በዚህ ነው። የአንዱ ጥረት ከሌላው ጥረት ጋር የሚደመርበት ሥራ አለ፤ የአንዱ ቸልታ የሌላውን ጥረት የሚያጠፋበትም ሥራ አለ። መካሪዎቻችን ሁለቱን አይለዩም።

ሰውየው ለምን ከብቱን ወደ ሌላ ግጦሽ አይነዳም የሚል አንባቢ ይኖራል። ለዚህ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በመካከለኛው አዋሽና በተንዳሆ ጥጥ የተዘራው፣ የአፋር ከብት በበጋ ይሸሽበት በነበረው የወንዝ ዳር መሬት ላይ ነበር። የጥጡ እርሻ ያስቀረውን ግጦሽ በኋላ ፕሮሶፒሱ ወረሰው። ከዚህ በኋላ አርብቶ አደሩን አስተሳሰብህን ለውጥ ማለት፣ መሬቱን ከወሰዱበት በኋላ አያያዙን እንደ መንቀፍ ነው።

ነገር ግን ጥፋቱ የመንግሥት ነው ብሎ መደምደምም ሥሩን አይነቅለውም። ኬንያ ውስጥ በባሪንጎ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩ የኢልቻሙስ ሰዎች ያው ዛፍ በመንግሥት ፕሮግራም ተተክሎ መሬታቸውን ስለወረሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ክስ መሠረቱ። ለማስረጃም የፍሬው ስኳር ጥርሷን የጨረሰባትን ፍየል ናይሮቢ ፍርድ ቤት ይዘው ቀረቡ። እኔ ይህን ክስ አደንቃለሁ፤ ዛፉን ያመጣው አካል ተጠያቂ መሆን ነበረበት። ሆኖም ጉዳዩ ችሎት ላይ እያለም ባሪንጎ ውስጥ ፍየሎቹ ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ይበትኑ ነበር።

ወደ አፋር ስንመለስ፣ የግልን ጥቅምና የጋራን ጉዳይ ለማስታረቅ የተሞከረ ነገር አለ። ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በአሚባራና በገዋኔ ሰዎችን በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጅቶ ከፍሬው መኖ፣ ከግንዱ ከሰል እንዲያመርቱ አድርጎ ነበር። ሐሳቡ ብልህ ነው። በተለይ ፍሬውን መፍጨት ዘሩንም ስለሚገድል፣ መኖ የሚሆነው ያው ጠላት የነበረው ነገር ነው። ችግር የመጣው ከከሰሉ በኩል ነው። ገዢው የሚከፍለው በጆንያ ነው፤ ጆንያ የሚሞላው ግንድ ነው፤ ሥር መቆፈር ግን ድካም እንጂ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ብዙው አክሳይ ግንዱን ቆርጦ ጉቶውን ተወው። እንዲያውም ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ለሚቀጥለው ጊዜ ከሰል ይሆነዋል! ከዚህም በላይ የአገሬው ግራር አብሮ እየተቆረጠ ይከሰል ጀመር፤ አንዴ ከጠቆረ ማን ይለየዋል? ክልሉ ከሰሉን እስከ ማገድ የደረሰበት ጊዜም ነበር። ማኅበር ተቋቁሞ፣ ማኅተም ተቀርጾ፣ ግን ይህ ጉቶ የማን ነው ሲባል መልስ የሚሰጥ ሰው ከሌለ ማኅበሩም የብቸኛውን ሰው ያህል አቅመ ቢስ ነው።

ታዲያ የት መጀመር ይቻላል? አፋር ይህን ጥያቄ ዛፉ ከመምጣቱ በፊት በሌላ ጉዳይ መልሶታል። ግጦሹ የጎሳ ነው። በባህላዊው ሕግ፣ በመድአ፣ አንድ ሰው ሲገድል ካሣው እሱ ላይ ብቻ አይወድቅም፣ ጎሳው ይሸከመዋል። ስለዚህም ጎሳው የእያንዳንዱን ሰው ምግባር የመከታተል መብትም ምክንያትም አለው፤ ውሳኔን የሚያስፈጽመው ደግሞ ፊኢማ የሚባለው የእኩዮች ስብስብ ነው። በዚህ ላይ ዳጉ አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው የትኛው ሜዳ ሣር እንዳለው፣ የማን ከብት የት እንዳለፈ ሳይነጋገሩ አይለያዩም፤ ውሸት ያወራም ይጠየቅበታል።

ይህ ለፕሮሶፒስ ምን ይፈይዳል? ባለሙያዎች የሚመክሩት አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ፍሬውን የበላ እንስሳ ሆዱ እስኪጠራ ጥቂት ቀናት በረት ውስጥ ቆይቶ ነው ወደ ጸዳ ግጦሽ መግባት ያለበት። ይህን አንድ ሰው በራሱ ፍየሎች ላይ ሊያደርገው ይችላል፤ በጎረቤቱ ላይ ግን ማዘዝ አይችልም። ሰመራ ያለ ቢሮም ደብዳቤ ቢጽፍ ማን በረት ሄዶ ያያል? ጎሳ ግን ይችላል፤ ሕጉም፣ አስፈጻሚውም፣ ወሬ የሚያደርሰውም በእጁ ነው። እዚህ ላይ የትጉሁ ሰው ዋጋ ይታያል። የራሱን ግቢ ያጸዳ ሰው ስብሰባ ላይ ሌላውን ሲወቅስ ይሰማል፤ ከጥላ ሥር ሆኖ መንግሥትን ሲያማ የዋለ ሰው ግን አይሰማም። የግል ጥረቱ ብቻውን ዛፉን ባያጠፋም ሰውየውን ተናጋሪ ያደርገዋል፤ በእኔ ግምት ዋናው ጥቅሙም ይኸው ነው።

ጎሳም ቢሆን ሁሉን አይችልም። ከላይ በጎርፍ የሚመጣውን ዘር የታችኛው ጎሳ አይገድበውም፤ ወንዙን በሙሉ የሚያይ አካል ይፈልጋል። የፌዴራሉ መንግሥት ፕሮሶፒስን የሚመለከት ብሔራዊ ስትራቴጂ አለው፤ ስትራቴጂው እስከ በረት ካልወረደ ግን ወረቀት ነው። በአሚባራ ተመንጥረው በመስኖ የሚታረሱ ማሳዎች ንጹሕ ሆነው መቆየታቸው እውነት ነው፤ ያ ግን ግጦሹን እርሻ ማድረግ ስለሆነ ለአርብቶ አደሩ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል።

ስለዚህ ከሰል ለማምረት ፈቃድ የሚሰጡ የክልልና የወረዳ ኃላፊዎች ክፍያው በጆንያ ሳይሆን በተነቀለ ሥር እንዲሆን ያድርጉ፤ የጸዳውን ግጦሽ የሚጠብቅ የጎሳ ስምምነት ሲኖርም በሕግ ዕውቅና ይስጡት። ራስህን ለውጥ የምትሉ አሠልጣኞችም ሰመራ መጥታችሁ ስታስተምሩ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ከጎረቤትህ ጋር ምን ተስማምተሃል?