እጅ ሲተረጎም፦ የልጅዎ እንግሊዝኛና የእናትዎ አማርኛ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው እንበል። በዓል ደርሷልና የሳሎኑን ዕቃ እያዘዋወሩ ነው። የአሥር ዓመት ልጅዎ የሶፋውን አንድ ጫፍ ለማንሳት እየታገለ «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ!» ይላል። ጥግ ላይ የተቀመጡት አያቱ «ምን አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ታናሽ እህቱ ፈጠን ብላ «እጅ ስጡኝ እያለ ነው፣ እማማ» ስትል ትተረጉምላቸዋለች። አያት ይስቃሉ፤ «ደግሞ በየትኛው ጦርነት ተሸንፈን ነው እጅ የምንሰጠው?»

ልጅቷ ቃላቱን አልሳተችም። «ጊቭ» መስጠት ነው፤ «ሃንድ» ደግሞ እጅ። ትርጉሙ ግን መንገድ ላይ ጠፋ። በእንግሊዝኛ እጅ የሚሰጥ ሰው ይረዳል፤ በአማርኛ እጅ የሚሰጥ ሰው ይማረካል።

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ፣ ብዙ የከተማ ቤተሰቦች የሚያውቁት እውነት አለበት። ልጆቻችን ቀኑን በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ማታም በእንግሊዝኛ ካርቱን ያያሉ። አያቶቻቸው የሚናገሩት ደግሞ በምሳሌና በዘይቤ የተሞላ አማርኛ ነው። አያት «የኔ እጅ እንግዲህ አመድ አፋሽ ነው» ብለው ሲያዝኑ፣ የልጅ ልጅ አመዱን ፍለጋ እጃቸውን ያያል። መልካም ሠርተው ምስጋና ማጣታቸውን እየነገሩት መሆኑ አይገባውም። ሁለቱን ማገናኘት የሚችሉት መካከል ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት። ለዚህ እንዲረዳዎ በእንግሊዝኛ ዘወትር የሚሰሙትን የእጅ አባባሎች ከእኛዎቹ ጎን ለጎን አቅርበናቸዋል።

እርዳታ፣ ጭብጨባና አድናቆት

«ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» እና «ሌንድ ሚ ኤ ሃንድ» ሁለቱም «እስቲ አግዘኝ» ማለት ናቸው። ትንሿን ቃል ግን ልብ ይበሉ። «ጊቭ ሚ ዩር ሃንድ» ከተባለ የሚፈለገው እጅዎ ራሱ ነው፤ መንገድ ሲሻገሩ ለልጅዎ የሚሉት ዓይነት።

በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን የመድረክ መሪው «ሌትስ ጊቭ ሄር ኤ ቢግ ሃንድ» ቢል ደግሞ ለመርዳት አይነሱ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ እንዲሰጣት መጠየቁ ነው።

በሥራ ቦታ አዘውትሮ የሚያደናግረው «አይ ሃቭ ቱ ሃንድ ኢት ቱ ዩ» የሚለው ነው። አለቃዎ ይህን ቢጽፍልዎ የሚያስረክብዎ ዕቃ የለም። «በዚህስ አድናቆት ይገባዎታል» እያለዎት ነው። በአማርኛ የሚቀርበው «እጅ ነሳሁ» የሚለው ይመስላል። እሱም ቃል በቃል ቢተረጎም መከልከል ይሆናል፤ ትርጉሙ ግን በአክብሮት ጎንበስ ማለት ነው።

አንድ ሰው «ሂ አስክድ ፎር ሄር ሃንድ» ከተባለ ልጅቷን ለጋብቻ ጠይቋል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ተልኮ የምትጠየቀው ልጅቷ ናት፤ እንግሊዝኛ ግን እጇን ብቻ ይጠይቃል።

መልካቸው አንድ፣ ትርጉማቸው ሌላ

አደገኞቹ የምናውቃቸው የሚመስሉን አባባሎች ናቸው።

«ዊ አር ሾርት-ሃንድድ» የሚለውን ይውሰዱ። አማርኛ ተናጋሪ ሰው ሲሰማው «እጅ አጠረን» ብሎ ይረዳዋል፤ እጅ ማጠር ደግሞ ለእኛ ገንዘብ ማጣት ነው። በእንግሊዝኛ ያጠረው ሠራተኛ ነው። አለቃው በዚህ ሳምንት ሰው አንሶናል ብሎ ሲጽፍ፣ በጀት የለም ብሎ ግዢውን የሚያዘገይ ሠራተኛ ጥፋቱ ከመዝገበ ቃላት አይገኝበትም።

«ሎንግሃንድ» ቢባል ማንም አልተሰደበም። ሳያሳጥሩ፣ በእጅ የመጻፍ ዘዴ ነው። በአማርኛ ግን «እጀ ረጅም» ያሉት ሰው የሌላውን ንብረት የሚያነሳ ነው። እንግሊዝኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ወደ ጣት ይሄዳል፤ «ላይት-ፊንገርድ» ይለዋል፣ ጣተ ቀላል እንደማለት።

«አይ ዋሽ ማይ ሃንድስ ኦፍ ኢት» የሚል ሰው ከጉዳዩ ወጥቷል፤ ከዚህ በኋላ ኃላፊነት የለብኝም ማለቱ ነው። ምንጩን ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 እናውቀዋለን፤ ጲላጦስ በሕዝቡ ፊት እጁን የታጠበበት ታሪክ ነው። እኛም በዚህ ትርጉም እንጠቀምበታለን። በቤታችን ግን «እጃችሁን ታጠቡ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን ማዕድ መቅረቡ ነው። አንዱ መውጣት፣ ሌላው መግባት።

ወላጆች በተለይ ሊያውቁት የሚገባው «ኤ ሃንድፉል» ነው። ቃሉ እፍኝ ማለት ነው። «ኤ ሃንድፉል ኦፍ ፒፕል» ሲባል እኛ «እፍኝ የማይሞሉ ሰዎች» እንደምንለው ጥቂት ሰዎች ማለት ይሆናል። የውጭ አገር መምህር ስለ ልጅዎ «ሂ ኢዝ ኤ ሃንድፉል» ቢልዎ ግን አመስግነው አይሰናበቱ። ልጁ ያስቸግራል፣ ለመያዝ ይከብዳል ማለቱ ነው። ብዙ ጊዜ በፈገግታ ስለሚነገር ምስጋና ይመስላል። «በምን በምን ነው የሚያስቸግረው?» ብለው ይጠይቁ፤ መምህሩ ሊነግርዎ የፈለገውን ያኔ ይሰማሉ።

ሳንነጋገር የተስማማንባቸው

ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ሥዕል የሳሉባቸው ቦታዎችም አሉ። እነዚህን ለልጅ ማስረዳት ቀላል ነው።

«ሃንድ ቱ ማውዝ» ቁርጥ «ከእጅ ወደ አፍ» ነው፤ የተገኘው ሁሉ ለዕለት ጉርስ የሚውልበት፣ ለነገ የማይተርፍበት ኑሮ። «ራይት-ሃንድ ማን» ደግሞ «ቀኝ እጄ ነው» የምንለው የቅርብ ረዳት ነው። «ማይ ሃንድስ አር ታይድ» የሚል ባለሥልጣን እጄ ታስሯል፣ ብፈልግም ማድረግ አልችልም እያለ ነው። «ሂ ሃድ ኤ ሃንድ ኢን ኢት» ሲባል እኛ «እጁ አለበት» እንላለን። «ሲቲንግ ኦን ዩር ሃንድስ» እጅ ላይ መቀመጥ ነው፤ እኛ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። በሁለቱም ሥራ የለም።

አንድ ቦታን በደንብ የሚያውቅ ሰው በእንግሊዝኛ «ላይክ ዘ ባክ ኦፍ ማይ ሃንድ» ይላል፤ እንደ እጄ ጀርባ አውቀዋለሁ። እኛ «እንደ እጄ መዳፍ» እንላለን። እጁ አንድ ሆኖ ያየነው ከተለያየ ጎን ነው።

«ኮት ሬድ-ሃንድድ» ደግሞ «እጅ ከፍንጅ ተያዘ» ነው። ቃል በቃል «እጁ ቀይ እንደሆነ» ማለት ሲሆን፣ ቀዩ ደም ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ሕግ ላይ የሚገኝ አነጋገር ነው፤ ደሙ ከእጁ ሳይታጠብ የተያዘ ወንጀለኛን ያመለክት ነበር። ዛሬ ብስኩት ከቁም ሣጥን ሲያወጣ ለተገኘ ልጅም ይባላል።

መርከብ፣ ፈረስና ካርታ

አንዳንዶቹ አባባሎች ምንጫቸው ካልታወቀ እንቆቅልሽ ናቸው። «ኦል ሃንድስ ኦን ዴክ» የመርከበኞች ነው። ማዕበል ሲነሳ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ላይኛው ወለል እንዲወጣ የሚሰጥ ትእዛዝ ነበር። እዚህ ላይ «እጅ» ማለት ሠራተኛ ነው፤ ከላይ ያየነው «ሾርት-ሃንድድ» ሰው ማነሱን የሚናገረውም ለዚሁ ነው። «አን ኦልድ ሃንድ» የሚባለውም እጁ ያረጀ ሳይሆን በሥራው ብዙ የቆየ ልምድ ያለው ሰው ነው።

«ሺ ወን ሃንድስ ዳውን» የመጣው ከፈረስ ግልቢያ ውድድር ነው። ማሸነፉን ያረጋገጠ ጋላቢ ልጓሙን ላላ አድርጎ እጁን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ «ያለ ምንም ችግር አሸነፈች» ማለት ነው።

«ሾው ዩር ሃንድ» ደግሞ ከካርታ ጨዋታ ነው። በእጅ የተያዙት ካርታዎች ራሳቸው «እጅ» ይባላሉ። እጅን ማሳየት የደበቁትን ሐሳብ መግለጥ ነው።

አንዱ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ ወጥቶ ትርጉሙን የቀየረ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት ሲሰጡ ቀኝ እጅ የሚያደርገውን ግራ እጅ እንዳያውቅ ተመክሯል፤ በስውር ስጡ ለማለት ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ግን «ዘ ሌፍት ሃንድ ደዝንት ኖው ዋት ዘ ራይት ሃንድ ኢዝ ዱዊንግ» ወቀሳ ሆኗል። አንዱ ክፍል የሚሠራውን ሌላው የማያውቅበትን የተዝረከረከ መሥሪያ ቤት ይናገሩበታል። አባባሉን በቤተ ክርስቲያን ትርጉሙ ብቻ የሚያውቅ ሰው ወቀሳውን ምስጋና አድርጎ ሊሰማው ይችላል።

አራት ትንንሽ ቃላት

ለፈተና ለሚዘጋጅ ልጅ እነዚህን አራቱን አንድ ላይ ማስያዝ ይጠቅማል፤ የሚለያቸው ከ«ሃንድ» በፊት የሚገባው ትንሽ ቃል ብቻ ነው።

• «አት ሃንድ»፦ ቅርብ የሆነ፣ የደረሰ። ፈተናው ደርሷል ለማለት ይሆናል።
• «ኦን ሃንድ»፦ ሲፈለግ የሚገኝ፣ የተዘጋጀ። ነርሷ በአቅራቢያ አለች እንደማለት።
• «ኢን ሃንድ»፦ በቁጥጥር ሥር ያለ፣ እየተሠራበት ያለ።
• «አውት ኦፍ ሃንድ»፦ ከቁጥጥር የወጣ። የልደት ድግሱ ሥርዓት ሲያጣ የሚባል።

ለምሳሌ ምሳሌ

ተረትና ምሳሌ ሲሆን ቃል በቃል መተርጎሙን ጭራሽ ይተዉት። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በአማርኛ ምሳሌ ይመልሱ።

«በእጅ ያለች አንዲት ወፍ ቁጥቋጦ ውስጥ ካሉ ሁለት ወፎች ትበልጣለች» ይላሉ እንግሊዞቹ። ልጅዎ ይህን ተምሮ ሲመጣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብለው ይንገሩት። ቆጥ ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም፤ ያኔ የአያቱ ተራ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለውንም ይጨምሩለት። የወፏ ምሳሌ የያዝከው ይበልጣል ትላለች፤ የወርቁ ምሳሌ ሰው የያዘውን እንደሚንቅ ታዝቦ ያዝናል።

«ብዙ እጅ ሥራን ያቀላል» ለሚለው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለን። «የሚያበላውን እጅ የሚነክስ» ለሚሉት ደግሞ እኛ «ወጪት ሰባሪ» እንላለን። እነሱ ጥርሱን፣ እኛ የሰበረውን ዕቃ አየን፤ የሚወቀሰው ግን ያው ውለታ ቢስ ነው።

በቤትዎ እንዲህ ያድርጉ

ልጅዎ ያልገባዎትን አባባል ሲናገር እንደገባዎት አያስመስሉ። «ምን ማለት ነው? ምን ዓይነት ሥዕል ይታይሃል?» ብለው ይጠይቁት። ልጅ ለወላጁ ሲያስረዳ ራሱ ይማራል፤ ወላጁ መጠየቅ እንደማያፍርም ያያል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ከራት በኋላ፣ ልጆቹ አንድ የእንግሊዝኛ የእጅ አባባል ያምጡ፤ አያት ወይም እርስዎ አንድ የአማርኛ ይመልሱ። የሚገጥሙትን አንድ ደብተር ላይ በግራና በቀኝ ይጻፉ። እጅ ሲያልቅ ወደ ዓይን፣ ከዚያም ወደ ሆድ ይለፉ፤ በሆድማ አማርኛን የሚያህል አይገኝም።

ልጅ በአማርኛው ሲሳሳት ደግሞ አይሳቁበት። የተሳቀበት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ አያቱም ዝም ይላሉ።

በደብተሩ ላይ የእንግሊዝኛው ወገን ባዶ ሆኖ የሚቀርበት አንድ መስመር አለ። ምግብ በልተን ስንጨርስ ላበሰለችው «እጅሽ ይባረክ» እንላለን። እንግሊዞቹ ምግቡ ጣፋጭ ነበር ብለው ያመሰግናሉ፤ ያበሰለውን እጅ የሚመርቅ የተለመደ አባባል ግን የላቸውም። ዛሬ ማታ ልጅዎ ከገበታው ሲነሳ ይህን ለአያቱ እንዲላቸው ያስተምሩት። እሳቸው የሚመልሱለትን ምርቃትም አብራችሁ ስሙት።