የማንችስተር ቢጫ አውቶቡሶችና ሂሳባቸው

ቢ ኔትወርክ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የግሬተር ማንችስተር የሕዝብ ትራንስፖርት ሥርዓት ነው። በአሥር የአካባቢ ምክር ቤቶች ሥር የሚኖረውን ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያገለግላል። ወደ 1,600 የሚጠጉት አውቶቡሶቹ በቢጫና በጥቁር ቀለም ይታወቃሉ። ቀለሙ የተወሰደው ከንብ ሲሆን፣ ንብ ከ1842 ጀምሮ (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በማንችስተር ዓርማ ላይ የታታሪነት ምልክት ሆና ቆይታለች። ለዓይን የሚቀድመው ቀለሙ ቢሆንም፣ ከባዱ ለውጥ የተደረገው በሂሳብ መዝገቡ ላይ ነው፤ የቲኬቱን ገንዘብ የሚሰበስበውም፣ ኪሳራ ሲመጣ የሚሸከመውም ወገን ተቀይሯል።

በማርጋሬት ታቸር ዘመን የወጣው የ1985 የትራንስፖርት ሕግ፣ ከኦክቶበር 26 ቀን 1986 ጀምሮ ከለንደን ውጭ ያለውን የእንግሊዝ አውቶቡስ አገልግሎት ለገበያ ክፍት አደረገው። ፈቃድ ያለው ማንኛውም ኩባንያ የመረጠውን መስመር አስመዝግቦ ይሠራል፤ ታሪፉንና ሰዓቱንም ራሱ ይወስናል። የግሬተር ማንችስተር የሕዝብ አውቶቡስ ድርጅት በ1993 ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ በ1994 ለሠራተኞቹ ተሸጠ፤ በ1996 ደግሞ ሰሜኑን ፈርስት፣ ደቡቡን ስቴጅኮች የተባሉ የግል ኩባንያዎች ገዙት። ከዚያ በኋላ እንደ ዊልምስሎው ጎዳና ባሉ ተሳፋሪ በማይጠፋባቸው መስመሮች ላይ የተለያዩ ኩባንያዎች አውቶቡሶች እየተጋፉ ሲሻሙ፣ ትርፍ በማይገኝባቸው ሰፈሮች ማታና እሑድ አውቶቡስ ማግኘት ችግር ሆነ። የአንዱ ኩባንያ ተራ ቲኬት በሌላው አውቶቡስ አይሠራም ነበር፤ በሁሉም የሚያሳፍር ቲኬት ቢኖርም ዋጋው ከፍ ይል ነበር። በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ የአካባቢው የአውቶቡስ ተሳፋሪ ቁጥር ወደ ግማሽ ወረደ።

ለዚህ መቀነስ የቤት መኪና መብዛት ድርሻ እንዳለው አይካድም። ይሁን እንጂ ሕጉ ያልነካት ለንደን በዚሁ ዘመን ብዙ ተሳፋሪ ጨምራለች። እዚያም አውቶቡሶቹን የሚያንቀሳቅሱት የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ መስመሩንና ታሪፉን የሚወስነው ግን የከተማዋ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። የማንችስተር የለውጥ ደጋፊዎች ይህን ንጽጽር ደጋግመው ማንሳታቸው አያስገርምም።

ገበያው ነጻ ነው ቢባልም ከመንግሥት ካዝና ተላቆ አያውቅም። ኩባንያዎቹ ለሚያቃጥሉት ናፍጣ ድጎማ ያገኛሉ፤ መጠኑ ከ2012 ጀምሮ በሊትር 34.57 ፔንስ ነው። በሊትር የሚከፈል ድጎማ ብዙ ነዳጅ ለሚፈጅ ተሽከርካሪ ብዙ የሚከፍል በመሆኑ እንግዳ ነገር ነው። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በነጻ ሲሳፈሩ ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር ያልተከፈለውን ታሪፍ ለኩባንያው ይተካል። ትርፍ የሌለው ግን ሕዝብ የሚፈልገው መስመርም በጨረታ ተሰጥቶ በሕዝብ ገንዘብ ይሠራል። በ2020 ኮሮና ተሳፋሪውን ከአውቶቡስ ሲያስወጣ ደግሞ አገልግሎቱ ቀጥ ብሎ እንዳይቆም ያደረገው የመንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ድጎማ ነበር።

ወደ ሕዝብ ቁጥጥር የመመለሻውን በር የከፈተው የ2017 የአውቶቡስ አገልግሎት ሕግ ነው። ሕጉ በሕዝብ የተመረጠ ከንቲባ ያላቸው የተጣመሩ አስተዳደሮች የፍራንቻይዝ ሥርዓት እንዲዘረጉ ፈቀደ፤ ማለትም አስተዳደሩ መስመሩን፣ ሰዓቱንና ታሪፉን ወስኖ የማንቀሳቀሱን ሥራ በጨረታ ለኩባንያዎች ይሰጣል። በዚያው ዓመት የተመረጡት ከንቲባ አንዲ በርናም ዕድሉን ለመጠቀም ቢፈልጉም ሂደቱ ረጅም ነበር። የአዋጭነት ጥናት፣ በገለልተኛ ኦዲተር ማስመርመር፣ ሕዝብን ማማከር ግዴታ ነው፤ ኮሮና ስሌቱን ስላፋለሰው ምክክሩ ሁለት ጊዜ ተደረገ። ውሳኔው በማርች 2021 ሲታወጅ ስቴጅኮችና ሮታላ የተባሉት ኩባንያዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2022 ተሸነፉ፤ የሮታላ ይግባኝም ውድቅ ሆነ።

የሽግግሩ ወጪ 134.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ ተተመነ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የመጣው ማዕከላዊው መንግሥት ለአካባቢው ዕድገት ማበረታቻ እንዲሆን ከሚለቀው ፈንድ ነው። ቀሪው በዋነኛነት ከአሥሩ ምክር ቤቶች መዋጮና እያንዳንዱ ቤተሰብ በሚከፍለው የአካባቢ ግብር ላይ ከሚታከለው የከንቲባው ድርሻ ተሸፈነ። ይህ ገንዘብ ግን ከአሮጌው ሥርዓት ወደ አዲሱ ለመሻገሪያ ብቻ ነው፤ የዕለት ተዕለቱ ወጪ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ከወጪዎቹ ሁሉ ብልህነት የሚታይበት ለዴፖዎች የዋለው ነው። አውቶቡስ የሚያድርበት፣ የሚታጠብበትና የሚጠገንበት ግቢ ከሌለው ማንም ኩባንያ በጨረታ መወዳደር አይችልም፤ ዴፖው በነባሩ ኩባንያ እጅ ከቀረ አሸናፊው ከወዲሁ የታወቀ ነው። ስለዚህ አስተዳደሩ ዋና ዋናዎቹን ዴፖዎች በራሱ ይዞታ አድርጎ ለአሸናፊዎቹ ያከራያል። ለተሽከርካሪዎቹም ዘዴ ተበጀ፦ ነባሩ ኩባንያ መስመሩን ሲለቅ አውቶቡሶቹ አስቀድሞ በተወሰነ የዋጋ ቀመር ወደ ተተኪው እንዲተላለፉ ተደረገ። ያ ባይሆን ኖሮ ደህና ደህናዎቹ አውቶቡሶች ወደ ሌላ ከተማ ተነድተው፣ ስምሪቱ በጀመረ በመጀመሪያው ቀን መስመሩ ባዶ ሊቀር ይችል ነበር።

ርክክቡ በሦስት ዙር ተካሄደ። መጀመሪያ በሴፕቴምበር 24 ቀን 2023 ቦልተንና ዊጋን፣ ቀጥሎ በማርች 2024 እንደ ኦልድሃምና ሮችዴል ያሉ አካባቢዎች፣ በመጨረሻም በጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ስቶክፖርትን ጨምሮ ደቡቡ ተጠቃለለ። ከአሸናፊዎቹ መካከል ፍርድ ቤት የሄደው ስቴጅኮች ራሱ አለበት፤ በቀድሞ ገበያው አሁን ተቀጥሮ ይሠራል።

ቢጫ የለበሰ አውቶቡስ ሁሉ አዲስ አይደለም። ብዙዎቹ ቀለም የተቀየረላቸው የቀድሞ ናፍጣ አውቶቡሶች ናቸው። ከአዲሶቹ ጎልተው የሚታዩት አሌክሳንደር ዴኒስ የተባለው አምራች የሠራቸው ባለ ሁለት ፎቅ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ሲሆኑ፣ አስተዳደሩ እየገዛ ለኩባንያዎቹ ያቀርባቸዋል። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ መግዣው ከናፍጣው እጅግ ይወደዳል፤ ማንቀሳቀሻው ግን ይረክሳል። የጥቂት ዓመት ውል ብቻ የያዘ ኩባንያ ያን ሁሉ ገንዘብ አስቀድሞ ለማውጣት ስለሚያመነታ፣ ግዢውን የሕዝብ አስተዳደር መያዙ ምክንያታዊ ነው። ዴፖውም ብዙ አውቶቡሶችን በአንድ ሌሊት ለመሙላት ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ይፈልጋል። ከለውጡ በፊት በተጀመረው የስቶክፖርት ዕቅድ፣ ለ170 የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችና ለመሙያ መሣሪያዎቻቸው መንግሥት 35.7 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሰጥ፣ ቀሪውን ስቴጅኮችና የአካባቢው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ተካፈሉት።

በአዲሱ ሥርዓት ኩባንያው የሚከፈለው በውሉ መሠረት አውቶቡሱን ስላንቀሳቀሰ ነው። ቢዘገይ ወይም ጉዞ ቢሰርዝ ይቀጣል፤ የቲኬቱ ገቢ ግን በሙሉ ለአስተዳደሩ ነው። ይህም ትርፋማው መስመር የሌላውን ጉድለት እንዲሸፍን ያስችላል። በሌላ በኩል ተሳፋሪ ቢቀንስ ወይም የሾፌር ደመወዝ ቢጨምር ጉድለቱን የሚሞላው ግብር ከፋዩ ነው። በጃንዋሪ 2025 የአገሪቱ የአንድ ጉዞ ታሪፍ ጣሪያ ከ2 ወደ 3 ፓውንድ ሲያድግ ማንችስተር በ2 ፓውንድ ለመቆየት ወሰነች። ውሳኔው ለተሳፋሪው እፎይታ ቢሆንም ልዩነቱ ከበጀት መሸፈን ነበረበት። በማርች 2025 ለአውቶቡስና ለትራም ጉዞ በአንድ የባንክ ካርድ በጋራ መክፈል ሲጀመር፣ የቀኑ ድምር ከተወሰነው ጣሪያ እንዳያልፍ ተደረገ፤ የተሳፋሪውን ሂሳብ የሚያሰላው ሥርዓቱ ራሱ ነው።

ሊቨርፑልና ዌስት ዮርክሻየርም የፍራንቻይዝ ሥርዓትን መርጠዋል። በ2025 የጸደቀው አዲስ የአውቶቡስ ሕግ ደግሞ በእንግሊዝ ያሉ የአካባቢ ትራንስፖርት ባለሥልጣናት ሁሉ ያለ ሚኒስትር ፈቃድ ይህን መንገድ እንዲከተሉ ፈቅዷል፤ ምክር ቤቶች አዲስ የአውቶቡስ ድርጅት እንዳያቋቁሙ በ2017 ተጥሎ የነበረውን ክልከላም አንስቷል። ሆኖም አነስተኛ የገጠር አስተዳደር ዴፖ መግዣም ሆነ የሽግግር ፈንድ እንደ ማንችስተር በቀላሉ አያገኝም። እንዲህ ያሉት አካባቢዎች ከነባር ኩባንያዎች ጋር በሚገቡት የትብብር ስምምነት ሥር ሆነው ከማዕከላዊው መንግሥት በሚመደብላቸው በጀት መሥራታቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ።