«አል-አጥላል»፦ አንድ የመለያየት ዘፈን፣ ብዙ ታሪኮች

«አል-አጥላል» የተሰኘው የኡም ኩልሱም ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በካይሮ መድረክ ላይ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በአረቡ ዓለም ስለ ፍቅርና ስለ መለያየት ሲወሳ ይህ ዘፈን ሳይነሣ አይታለፍም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችም ድምፁ እንግዳ አይደለም፤ ከታክሲ ራዲዮ፣ ከቡና ቤት፣ ከአሠሪ ቤት ሳሎን ሲፈስ ያልሰማው ጥቂት ነው። አረብኛውን ጠንቅቆ የሚያውቀውም ሆነ ዜማውን ብቻ የሚከተለው አድማጭ ውሎ አድሮ ወደ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ሐዘን የማን ነው?

ለጥያቄው የተሰጡት መልሶች ብዙ ናቸው። የተወሰኑት ከገጣሚው ሕይወት፣ ሌሎቹ ከድምፃዊቷ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከአድማጩ ከራሱ ዘመን ተቀድተዋል። መልሶቹን ለመመዘን ከርእሱ መጀመር ይበጃል።

«አጥላል» ማለት ነዋሪዎቹ ለቀውት የሄዱት የሰፈር ዱካ፣ የቀረ ፍርስራሽ ነው። ከእስልምና መምጣት በፊት የነበሩት የአረብ ገጣሚያን ረጃጅም ቅኔዎቻቸውን የሚከፍቱት በዚህ ዱካ ላይ ቆመው ነበር። ዘላን ጎሣዎች ውኃና ግጦሽ ተከትለው ይጓዛሉ፤ በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ጎን ለጎን ሰፍረው የተዋደዱ ሁለት ወጣቶች፣ ጎሣዎቻቸው በየፊናቸው ሲነሡ ይለያያሉ። ገጣሚው ከጊዜ በኋላ በዚያ ሲያልፍ የሚያገኘው በነፋስ የተበተነ አመድ፣ የጎርፍ ውኃ እንዳይገባ በድንኳን ዙሪያ የተማሰ ቦይ፣ በእሳት የጠቆሩ ሦስት የምድጃ ድንጋዮች ናቸው። ከእነዚህ ገጣሚያን ሁሉ ዝነኛ የሆነው ኢምሩ አል-ቀይስም ታላቅ ቅኔውን የጀመረው የጉዞ ባልደረቦቹን በእንዲህ ያለ ስፍራ አስቁሞ በማልቀስ ነው።

ሦስቱን የምድጃ ድንጋዮች የአማርኛ አንባቢ ያለ ተርጓሚ ያውቃቸዋል። ጉልቻ ናቸው። ትዳር መያዝን «ሦስት ጉልቻ መመሥረት» ለሚል ሕዝብ፣ ድስቱ ተነሥቶ ጉልቻው ብቻ የቀረበት ምድጃ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ኢብራሂም ናጂ ይህን የሺህ ዓመታት ልማድ ወርሶ በሃያኛው መቶ ዘመን ካይሮ ውስጥ አዲስ ነፍስ ዘራበት። እ.ኤ.አ. በ1898 የተወለደው ናጂ በሙያው ሐኪም ነበር፤ በሥነ ጽሑፉ መስክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1932 በካይሮ ከተመሠረተው ከአፖሎ ማኅበር ገጣሚያን አንዱ ሆኖ ይታወቃል። እነዚህ ገጣሚያን ከውዳሴና ከበዓል ግጥም ይልቅ የግለሰብን ስሜት ያስቀድሙ ነበር። በናጂ ግጥም ወና የቀረው የበረሃ ሰፈር አይደለም። የፈረሰው ፍቅሩ ራሱ ነው፤ ዱካውም በሰው ውስጥ ነው። ገጣሚው በግጥሙ መግቢያ ላይ ባኖራት አጭር ማስታወሻ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው እንደ ተዋደዱ፣ ፍጻሜያቸውም እርሷ የሥጋ፣ እርሱ የነፍስ ፍርስራሽ መሆን እንደ ነበር ያመለክታል። ስም አልጠራም። ቦታም ጊዜም አልጠቀሰም።

የአድማጮች ፍለጋ የሚጀምረው ከዚህ ዝምታ ነው። በሰፊው የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ይላል። ናጂ በልጅነቱ አንዲት የጎረቤት ልጅ ወዶ ነበር፤ ለሕክምና ትምህርት ርቆ ሲሄድ ለሌላ ሰው ተዳረች። ከብዙ ዓመት በኋላ እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ፣ ሚስቴ በምጥ ተይዛ ልትሞትብኝ ነው፣ ድረስልኝ ይለዋል። ሐኪሙ ደርሶ የሴቲቱን ፊት ሲያይ ያች የጥንት ወዳጁ ሆና ያገኛታል። እናትንም ልጅንም ያተርፋል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስም እስኪነጋ ተቀምጦ ግጥሙን ይጽፋል። በሌላ ወገን ደግሞ ግጥሙ የተጻፈው በዘመኑ ለነበረች አንዲት የፊልም ተዋናይት ነው የሚሉ አሉ፤ ስንኞቹን በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ላይ እየጻፈ ይልክላት ነበር ይባላል።

የእኩለ ሌሊቱ ታሪክ ልብ ይነካል። ደግሞም ለሐኪም ገጣሚ እጅግ የተመቸ ነው፤ ምናልባት ከሚገባው በላይ የተመቸ። ነገር ግን የዘፈኑን ቃላት ከዳር እስከ ዳር ቢፈትሹ ሐኪም የለም፣ ምጥ የለም፣ የሌሊት ጥሪ የለም። ያለው የተሰበረ ኩራት፣ የማይረሳ ድምፅ፣ ከአንድ ቀን ጉብኝት በኋላ ባዶውን የቀረ ጎጆ ነው። ታሪኩን የወለደው ግጥሙ ሳይሆን የአድማጩ ፍላጎት ሳይሆን አይቀርም። የሚወዱት ሐዘን ባለቤት አልባ ሲሆን ሰው ባለቤት ይፈልግለታል።

ፍለጋውን ይበልጥ የሚያውከው ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ አድማጮችም አያስተውሉትም። ኡም ኩልሱም የዘፈነችው የናጂን ግጥም እንዳለ አይደለም። የመጽሐፉ «አል-አጥላል» ከመቶ በላይ ስንኞች ያሉት ረጅም ግጥም ነው። ለዘፈን ሲዘጋጅ ከፊሉ ብቻ ተመረጠ፣ ቅደም ተከተሉ ተለወጠ፣ የመጀመሪያው ስንኝ እንኳ ተቀየረ። በመጽሐፉ ገጣሚው ፍቅርን እንደ ሟች ቆጥሮ በምሕረት ጸሎት ይጀምራል፤ በዘፈኑ ግን ልቡን ስለ ፍቅር መድረሻ እንዳይጠይቅ ይመክራል። ከዚህም በላይ ዘፈኑ ውስጥ «አል-ወዳዕ» (ስንብት) ከተባለው የናጂ ሌላ ግጥም የተወሰዱ ስንኞች ገብተዋል። ሁለት አፍቃሪዎች በጨረቃ ብርሃን በደመቀ መንገድ ላይ እንደ ሕፃናት የሚቦርቁበት፣ አድማጩ «ያን ጊዜ እንዲህ ነበሩ» ብሎ የሚያምነው የደስታ ክፍል የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ታሪክ መስሎ የሚሰማው ነገር ከሁለት ግጥሞች የተሰፋ ነው ማለት ነው። ስፌቱ የማይታየው በዜማው ጥበብ ነው።

ዜማውን የደረሰው ሪያድ አል-ሱንባጢ ነበር። በጽሑፋዊው አረብኛ የተጻፉ ከባድ ግጥሞችን ወደ ዜማ በማምጣት የሚስተካከለው አልነበረም። ለዚህ ዘፈን የመረጠው ቅኝት «ራሐት አል-አርዋሕ» ይባላል፤ የነፍሶች ዕረፍት ማለት ነው። ዕረፍት ላጣ ሰው የተሰጠ የዕረፍት ቅኝት! ቅኝቱ በፒያኖ ጥቁርና ነጭ ቁልፎች መካከል የሚውሉ ድምፆችን ስለሚጠቀም ጆሮ ደስታና ሐዘን መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። «ትዝታ» የሚለው ስም የስሜትም፣ የዘፈንም፣ የቅኝትም መጠሪያ ለሆነለት አድማጭ፣ አንድ ቅኝት ብቻውን ታሪክ ሊናገር እንደሚችል ማመን አያዳግትም።

ገጣሚው ናጂ ይህን ሁሉ አልሰማም። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1953፣ ዘፈኑ ከመቅረቡ 13 ዓመታት አስቀድሞ ነበር። ስለዚህ ምንጩን ሊያጸና ወይም ሊያስተባብል የሚችለው ሰው ሕዝቡ መጠየቅ ሲጀምር በሕይወት አልነበረም። ይልቁንም ጥያቄው ወደ ድምፃዊቷ ዞረ። ገጣሚው አሕመድ ራሚ ኡም ኩልሱምን በምላሽ አልባ ፍቅር ይወድ እንደነበር አገር ያወቀው ነገር ነበር፤ ከመቶ በላይ ዘፈኖችም ጽፎላታል። አድማጩ ከእርሷ ዘፈን ጀርባ እውነተኛ ሰው መፈለግን የለመደው ገና ከዚያ ነው። ግጥሙ ለወንድ ወዳጅ እንደሚነገር ሆኖ መጻፉም ለዚህ ረድቷል። አማርኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ባለ ጊዜ ነገሩን ይቆርጠዋል፤ የአረብ የፍቅር ግጥም ግን በልማዱ ሴትንም በወንድ አጠራር ይጠራል። ስለዚህ አንዱ ቃል በናጂ አፍ ለሴት፣ በኡም ኩልሱም አፍ ለወንድ፣ በአድማጩ ልብ ደግሞ ለፈለገው ሰው ይሆናል።

«ለፈለገው ሰው» ከተባለ ዘንድ፣ ለአገርም ሊሆን ይችላል። በዘፈኑ መካከል አንድ ክፍል አለ፤ ተናጋሪው ነፃነቱን እንዲመልሱለት፣ እጆቹንም እንዲፈቱለት ይጠይቃል። ሰንሰለቱ አንጓውን እንዳደማው ይናገራል። በፍቅር ቋንቋ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የማይጠቅም ቃል ኪዳን ያሰረው ሰው ልቀቀኝ ይላል። ነገር ግን ዘፈኑ በወጣበት ጊዜ በግብፅ ብዙዎች በፖለቲካ ምክንያት በእስር ላይ ነበሩ፤ አድማጮችም ያን ጩኸት ከእስር ቤት ጋር አያይዘው ሰሙት። ከአንድ ዓመት በኋላ የሰኔ 1967ቱ ጦርነት በሽንፈት ሲጠናቀቅ ደግሞ ያው ስንኝ የተያዘች ምድርና የተዋረደ ሕዝብ ድምፅ ሆነ። ኡም ኩልሱም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በፓሪሱ ኦሎምፒያ አዳራሽ ዘፈኑን ስታቀርብ፣ በአዳራሹ የነበረው ሕዝብ የሰማው የአንድ ሐኪም የፍቅር ታሪክ ብቻ ነው ብሎ መናገር አይቻልም። ከጉዞዎቿ የተገኘውም ገንዘብ ለግብፅ የጦርነት ጉዳት መጠገኛ ይውል ነበር።

በሰምና ወርቅ ላደገ ጆሮ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» የፍቅር እሮሮ ሆኖ ሳለ፣ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ አድማጮች ከጊዜው ፖለቲካ ጋር አያይዘው እንደ ተረጎሙት ይታወሳል። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም። ባለ ቅኔ ወርቁን ሆነ ብሎ ይቀብራል፤ ናጂ ግን የቀበረው የፖለቲካ ወርቅ ስለ መኖሩ ምልክት የለም። ግጥሙ ከጦርነቱ እጅግ ይቀድማልና። ወርቁን ያስቀመጡት አድማጮቹ ናቸው ማለት ይቀልላል።

የአቀራረቡ ሥርዓትም ለዚህ በር ከፍቷል። በግብፅ ራዲዮ ይተላለፉ የነበሩት የኡም ኩልሱም የወር መጀመሪያ ሐሙስ ምሽቶች ከካይሮ አልፈው በየአገሩ ይደመጡ ነበር። በእነዚያ ምሽቶች አንድ ዘፈን አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ ምክንያቱም ሕዝቡ ሲጮህ አንዱን ስንኝ ደግማ ደጋግማ ትዘፍነዋለች። አደጋገሟ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ እንደ ልመና፣ ቀጥሎ እንደ ቁጣ፣ በሦስተኛው እንደ ድካም ይሰማል። ትርጉም የሚባዛው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቃሉ ሳይለወጥ ስሜቱ ይለወጣልና። አድማጩም የሚያስደግመው የራሱን ቁስል የነካውን ስንኝ ነው።

የመዝጊያው ክፍል እስከ ዛሬ ያከራክራል። ተናጋሪው ሁሉ በዕጣ ፈንታ የሆነ መሆኑን፣ ምናልባት አንድ ቀን እንደ እንግዳ ሰዎች ሊገናኙ እንደሚችሉ፣ መለያየቱንም የፈለጉት እነርሱ ሳይሆኑ እድል መሆኑን ያወሳል። ለአንዳንዶች ይህ መጽናናት ነው፤ ማንም በማንም ላይ እንዳይፈርድ የሚያደርግ ደግ ቃል። ለሌሎች ግን ማምለጫ ነው፤ በደሉን በእድል ላይ የሚጥል ሰው ንግግር። ዘፈኑ ራሱ ለሁለተኛው ወገን ጥቂት ድጋፍ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት ባለው ክፍል እጆቹን እንዲፈቱለት የጮኸ ሰው አንድ ውሳኔ ወስኗልና። ሆኖም ከጩኸቱ በኋላ ወደ ደስታው ትዝታ መመለሱ ውሳኔው እንዳልጸና ያሳያል። እስራቱ የተፈታለት ሰው ወደ ኋላ ባልተመለከተ ነበር።

ኡም ኩልሱም እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በተመሠረተችበት ሰሞን በአቡ ዳቢ መድረክ ላይ ዘፍናለች፤ ከሦስት ዓመታት ገደማ በኋላም በየካቲት 1975 አረፈች። «አል-አጥላል»ን ለመጀመሪያ ጊዜ በጥሞና ሊሰማ የሚፈልግ አንድ ነገር ቢያውቅ ይረዳዋል፤ የዘፈኑ ቋንቋ በሥራ ቦታና በገበያ የሚለመደው አረብኛ ሳይሆን የመጻሕፍቱ አረብኛ ነው። ስለዚህ ዓመታት የኖረ ሰው እንኳ ቃላቱ ቢያመልጡት አያስገርምም። የመድረክ ቅጂ መምረጥ ይሻላል፤ ዘፈኑ ወደ መካከሉ ሲደርስ አዳራሹ በድንገት ይናወጣል፣ ጭብጨባው ድምፃዊቷን ያስቆማታል፣ እርሷም ያንኑ ስንኝ እንደ ገና ታነሣለች። እጆቹን እንዲፈቱለት የሚጠይቀው ክፍል እርሱ ነው።