የተገለበጠ ጽሑፍና የታገደ ጸሐፊ፦ በጋራ በሚዘጋጅ መዝገበ ዕውቀት የቅጂ መብት አጠባበቅ

በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አጠገብ በሚገኘው ምኒልክ አደባባይ የቆመው የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከሥፍራው ተነሥቶ፣ ወራሪው ከተባረረ በኋላ እንደገና ተተክሏል። ይህን ታሪክ ማንም ተማሪ በራሱ ቃል ጽፎ በአማርኛው ውክፔዲያ ቢያወጣው የማንንም መብት አይነካም። ያንኑ ታሪክ ግን ከአንድ ደራሲ መጽሐፍ ቃል በቃል ገልብጦ ቢያሰፍረው ጽሑፉ ይሰረዛል፤ ድርጊቱን ከደጋገመውም ተማሪው ራሱ ከመጻፍ ይታገዳል።

የሁለቱ ልዩነት ከሕጉ ይመነጫል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ጥበቃ የሚሰጠው ለሐሳብ ወይም ለመረጃ ሳይሆን ሐሳቡ ለተገለጸበት መንገድ ነው። ሐውልቱ የተመረቀበት ዓመት የሁሉም ነው፤ ደራሲው ስለ ሐውልቱ ያቀናበራቸው ዐረፍተ ነገሮች ግን የእርሱ ናቸው፤ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ለፎቶግራፍ የተወሰነው ጊዜ 25 ዓመት በመሆኑ፣ በወረራው ዘመን የተነሣ የአደባባዩ ፎቶግራፍ በዚህ ሕግ ረገድ ጊዜው ያለፈበት ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት የተነሣው ግን ባለመብት አለው። አዋጁ ለማስተማር ሲባል ከዓላማው ሳያልፍ የሚደረገውን ማባዛት ይፈቅዳል። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ በክፍል ውስጥ ለተማሪ የሚታደል ገጽና ለዓለም ሁሉ በተከፈተ መዝገብ የሚሰፍር ገጽ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

መዝገቡ ራሱ ከሕጉም ይልቅ ጠበቅ ይላል። በውክፔዲያ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉን ባስቀመጠ ቁጥር፣ ምንጩ እስከተጠቀሰና ያው የፈቃድ ውል እስከተጠበቀ ድረስ ማንም እንዲገለብጠው፣ እንዲለውጠው፣ ለንግድም እንዲያውለው ይስማማል። የራሱ ባልሆነ ነገር ላይ ደግሞ ማንም እንዲህ ያለ ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ ደራሲው በቃል «ተጠቀምበት» ማለቱ አይበቃም፤ ፈቃዱ በጽሑፍ ሆኖ ንግድንም ጭምር የሚያካትት መሆን አለበት። ትርጕምም ከዚህ አያመልጥም። የውጭ አገር ጋዜጣን ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሶ ማውጣት የባለመብቱን ፈቃድ ይሻል። ከእንግሊዝኛው ውክፔዲያ መተርጐም የተፈቀደ ቢሆንም፣ የትኛው ገጽ እንደተተረጐመ መጥቀስ ግዴታ ነው።

ጥሰት ሲገኝ ጽሑፉና ሰውየው ተለያይተው ይታያሉ። ጉዳቱ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ስለሆነ ጽሑፉ ሳይዘገይ ይነሣል። ይሁን እንጂ የእያንዳንዱ ገጽ የቀድሞ መልክ ሁሉ በታሪክ መዝገቡ ተቀምጦ ስለሚኖር፣ ከገጹ ፊት መፋቁ ብቻ በቂ አይሆንም፤ ልዩ ሥልጣን የተሰጠው መጋቢ የቀድሞውንም ቅጂ ከአንባቢ ይሰውራል። ከዚያ በፊት ግን የትኛው እንደቀደመ መመርመር ያሻል፤ መጽሐፉ ከመዝገቡ ገልብጦ የሚገኝበት ጊዜም አለና።

ከሰውየው ጋር ያለው ጉዳይ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። በአገራችን መገልበጥ ለብዙ ዘመናት የተከበረ ሙያ ነበር፤ ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ አንዲት ፊደል እንዳይለውጥ ይጠነቀቅ ነበር እንጂ «በራስህ ቃል ጻፍ» የሚለው አልነበረም። በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ተማሪው የጥቁር ሰሌዳውን ጽሑፍ እንዳለ ወደ ደብተሩ እያሰፈረ ያድጋል። እንዲህ ያለውን ጀማሪ እንደ ሌባ መቁጠር ተገቢ አይደለም። በመሆኑም አስቀድሞ በመወያያ ገጹ ላይ ምን እንደተሰረዘ፣ ለምን እንደተሰረዘና እንዴት እንደሚታረም ይጻፍለታል። ማስጠንቀቂያው እየደረሰው ከቀጠለ ብቻ መለያው ይታገዳል። እገዳው ጥፋቱ እንዳይቀጥል መከላከያ እንጂ ቅጣት አይደለም። የታገደው ሰው ማንበብ አይከለከልም፤ በአብዛኛውም በመወያያ ገጹ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። እገዳው የሰዓታት ወይም የቀናት ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው ያልተወሰነ ቢሆንም እንኳ ጥፋቱን መረዳቱን ሲያሳይ ሊነሣለት ይችላል። በሌላ ስም ተመልሶ መግባት ግን ነገሩን ያባብሳል።

ለትምህርት ቤቶች ትልቁ ችግር የጋራ አድራሻ ነው። በአንድ የኮምፒዩተር ክፍል የሚሠሩ ተማሪዎች ሁሉ ከውጭ ሲታዩ ብዙ ጊዜ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ይኖራቸዋል። አድራሻው ከታገደ አንዱ ላጠፋው ሁሉም ዝም ይላሉ። በ1999 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2007 መባቻ፣ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አንድ አድራሻ ሲታገድ የቀጠር አገር ተጠቃሚዎች አብዛኞቹ በዚያው አድራሻ ያልፉ ስለነበር መለያ የሌላቸው ሁሉ መጻፍ ተከልክለው ነበር፤ እገዳው ወዲያው እንዲነሣ ተደርጓል። መፍትሔው እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መለያ እንዲይዝ ማድረግ ነው፤ መላው ክፍል የሚጋራው አንድ መለያ ኀላፊነቱን ያጠፋዋል። እዚህም ላይ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ ከአንድ አድራሻ በቀን ሊከፈቱ የሚችሉት መለያዎች 6 ብቻ በመሆናቸው፣ መምህሩ ከትምህርቱ ቀናት በፊት ቀስ በቀስ ማስከፈት ወይም ገደቡ ለጊዜው እንዲነሣ አስቀድሞ ማመልከት ይኖርበታል። ዕቅድ አውጪዎችም ይህን በመርሐ ግብራቸው ቢያስገቡት መልካም ነው።

የፒያሳ ነባር ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ስለፈረሱ ስለ አካባቢው በአማርኛ የሚጻፈው ሁሉ ክብደት አግኝቷል። ተገልብጦ የተሰረዘ ገጽ በቦታው ክፍት ትቶ ይሄዳል። መዝገቡ የታተመ ምንጭ ስለሚፈልግ የአረጋውያን የቃል ምስክርነት ብቻውን አይበቃም፤ ተማሪው መጽሐፉን አንብቦ፣ ከድኖ፣ የተረዳውን በራሱ አነጋገር ጽፎ ምንጩን መጥቀስ ይጠበቅበታል። ራሱ ያነሣውን ፎቶግራፍ በፈቃዱ ሊሰጥ ይችላል። ከቤተሰብ አልበም የወጣውን ግን፣ ፎቶግራፉን ይዞ መገኘት ባለመብት ስለማያደርግ፣ መቼና በማን እንደተነሣ መምህሩ አስቀድሞ ሊጠይቀው ይገባል።