በአያት እጅ ያለ ሕፃንና የጤና ኬላው ደጅ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው ጎዳና ኮልፌ ቀራንዮን በአየር ጤና በኩል አልፎ፣ ሰበታን ተሻግሮ፣ ወልቂጤ እስኪደርስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በዚህም ጎዳና ላይ ወደ ከተማ የሚወጣው ጉልበት፣ ወደ አገር ቤት የሚመለሰው ደግሞ ገንዘብና ናፍቆት ነው። በአዲስ አበባው አጣና ተራ ሸክም ተሸክሞ የሚያድረው ጎልማሳና በሰው ቤት እንጀራ የምትጋግረው ወጣት እናት ካላቸው ቀንሰው የሚልኩለት ሕፃን በአያቱ እጅ የቀረ እንደ ሆነ፣ ደዌ ባገኘው ጊዜ ወደ ፈውስ የሚያደርሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከአንድ ቤተ ሰብ ጭንቀት አልፎ የአገር ጥያቄ ከሆነ ቆይቷል።

የፍልሰቱ ሥር ጥልቅ ነው። የጉራጌ ጎልማሶች ለሥራና ለንግድ ወደ አዲስ አበባ እየወጡ ለመስቀል በዓል ወደ ትውልድ መንደራቸው መመለሳቸው ከአበው የተወረሰ ጽኑ ልማድ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅትም በከተማ የፈሰሰ ላብ አገር ቤትን እንዴት እንደሚያቀና በገሃድ አስመስክሯል። በዚያ ዘመን ግን በአብዛኛው የሚሄደው አባት ነበርና እናት ከእንሰቱ ጓሮና ከልጆቿ ጋር ትቀር ነበር፤ ዛሬ እናትም ትሄዳለች። አንዳንዷ ወደ ኮልፌ ትመጣለች፤ ከወሎ ገጠር ደግሞ ብዙዎች ባሕር ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ፤ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ100,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በተመለሱ ጊዜ የዚህ ስደት ስፋት ለሁሉ ተገልጧል።

የችግሩም እምብርት እዚህ ላይ ነው፤ የእናቶች መሄድ በበዛበት ዘመን የገጠሩ የጤና አገልግሎት በእናት ላይ ተመሠረተ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 5,000 ያህል ሕዝብ ላለው ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ፣ ለኬላውም አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ደመወዝተኛ ሴቶች መድቦ ክትባቱን፣ የአመጋገብ ምክሩን፣ ኋላም የሳንባ ምች ሕክምናውን እስከ መንደር አወረደ። በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ የነበረው በ2008 ዓ.ም. ወደ 67 መውረዱ የዚህ ድካም ፍሬ ጭምር ነውና ሥራው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ለአምስት ተደራጅታ ትምህርቱን የምትሰማው፣ የክትባት ደብተሩን የምትይዘው፣ ቀጠሮውንም የምታስታውሰው እናት ናት ተብሎ ታስቧል።

ስለዚህ በኮልፌ ተወልዶ የመጀመሪያውን ክትባት የተቀበለ ጨቅላ ወደ አያቱ ሲላክ ደብተሩ በእናቱ ሣጥን ቢቀር፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ኋላም ለኩፍኝ በ9ኛውና በ15ኛው ወር ክትባት እንደሚጠብቀው ለአረጋዊቷ የሚያስታውሳት የለም፤ የኬላዋም ባለሙያ ምን እንደተከተበ ማረጋገጥ ይሳናታል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ ዐቀፍ የጤና መድኅንም አባልነትን በቤተ ሰብ ስለሚቆጥር፣ ወላጅ በከተማ፣ ልጅ በገጠር የሚያድርበት ቤት በየትኛው ወረዳ መዝገብ እንደሚገባ ያወላውላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ውሳኔው ነው፤ አያት የልጁን ትንፋሽ መቆራረጥ እያየች፣ ወላጆቹ ሳይሰሙ ይዤው ብሄድ ምን ይሉኛል፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል እያለች ስልክ ትጠብቃለች፤ የሳንባ ምች ግን ስልክ እስኪነሣ አይታገሥም።

መድኃኒቱ በእጃችን ያለ ነው። ደብተሩ ከሕፃኑ ጋር ይሂድ፤ የኬላዋም ባለሙያ አያቶችን በስማቸው መዝግባ ታስተምር፤ መድኅኑ ሕፃኑን በሚያድርበት ቤት ይቁጠረው፤ ወላጆችም ለመስቀል በሚገቡበት ጊዜ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ልጁ ሲታመም አያቱ ማንንም ሳትጠይቅ እንድትወስን ሥልጣኑንና የመጓጓዣውን ገንዘብ አስቀድመው ያስረክቧት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። መንገድ ለመሥራት ያዋጣ የከተማ ማኅበር፣ ከአያቲቱ ደጅ እስከ ጤና ኬላው ለቀረችው አጭር መንገድም ማዋጣት አይከብደውም።